«ተመዝግቧል» ይላል፣ ሲደወልለት ግን አይጠራም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ቢሮአችን ቦሌ ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስቴሪስክ የሚባለውን የስልክ ሶፍትዌር ጭነን የውስጥ ስልክ ሠራን። 101 እና 102 እዚሁ ቢሮ ናቸው። 103 ሀዋሳ ያለው ባልደረባችን ነው፣ ሞባይሉ ላይ ባለ መተግበሪያ ነው የሚጠቀመው። የእሱ ስልክ ሁልጊዜ ‹ተመዝግቧል› ይላል። እሱ ሲደውል እኛ ጋ ይጠራል። እኛ ስንደውልለት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ነው። መተግበሪያውን ዘግቶ ሲከፍተው ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ከተገናኘን በኋላም እኛ እንሰማዋለን፣ እሱ አይሰማንም። እሱ የደወለው ጥሪ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ላይ በራሱ ይቆረጣል። ኢንተርኔቱ ነው እንዳንል ዩቲዩብ ቁጭ ብሎ ያያል። ምን ይሻለናል?»

ሰላም ለእርስዎም። ኢንተርኔቱን ለጊዜው ይተዉት። ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ችግር አለ፣ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። የሚመነጩት ግን ከአንድ ቦታ ነው፣ ከአድራሻ። ማን ለማን የትኛውን አድራሻ እንደሰጠና አድራሻው አሁንም ይሠራ እንደሆነ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ያ «ተመዝግቧል» የሚለው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ሲፕ በኢንተርኔት የሚደወሉ ስልኮች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። የሲፕ ስልክ ሲከፈት ለሰርቨሩ፣ አስቴሪስክ ላለበት ኮምፒውተር ማለት ነው፣ «ሬጅስተር» የሚባል መልእክት ይልካል። ውስጡ ሁለት ዋና ነገር አለ። አንዱ ማንነቱ ነው፣ 103። ሌላው አሁን ያለበት ቦታ ነው፣ አይፒ አድራሻና ፖርት (አድራሻው ላይ ያለ የበር ቁጥር)። ይህን ሁለተኛውን ኮንታክት ይሉታል። ሰርቨሩ መጀመሪያ እምቢ ይልና 401 ይመልሳል። ሎግ (ሰርቨሩ የሚያደርገውን ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል) ላይ ይህን አይቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው። አይደንግጡ፣ ጤናማ ነው። «የይለፍ ቃሉን እንደምታውቅ አሳየኝ» ማለቱ ነው። ስልኩ የይለፍ ቃሉን ራሱን አይልክም። ሰርቨሩ ከሰጠው የአንድ ጊዜ ቁጥር ጋር ደባልቆ ያሰላና ውጤቱን ብቻ ይልካል። ሰርቨሩም ያንኑ ሒሳብ ይሠራል። ከተገጣጠመ 200 ይላል፣ በቃ፣ ተመዘገበ።

የሆነው ይህ ብቻ ነው። ስልኩ «እዚህ ነኝ» አለ፣ ሰርቨሩ ጻፈ። ለግቢው ዘበኛ «ጎረቤት ቡና ላይ ነኝ፣ ሰው ከመጣ እዛ ጥራኝ፣ ለአንድ ሰዓት አለሁ» ብሎ እንደመውጣት ነው። ዘበኛው ይህን ይዟል። ጎረቤት በሩን ከውስጥ ቆልፎት ቢሆን እሱ በምን ያውቃል? ሰው በመጣ ቁጥር «ጎረቤት ናቸው» ይላል፣ አንድ ሰዓቱ እስኪያልቅ። የሲፕ ምዝገባም እንዲሁ ገደብ አለው። ብዙ መተግበሪያ ላይ ሲመጣ 3600 ሰከንድ ተሞልቶ ነው። አንድ ሰዓት ማለት ነው።

የእርስዎን በር የሚቆልፈው የሀዋሳው ራውተር ነው። ራውተሩ አንድ አይፒ አድራሻን ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚያካፍልበት ዘዴ ናት ይባላል። (ማን ናት? እንዳይሉኝ፣ ስሙ ነው።) ሕጉ ቀላል ነው። ከውስጥ አንድ ነገር ሲወጣ ቀዳዳ ይከፍታል፣ መልሱ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ከውስጥ ምንም ሳይወጣ ከውጭ የሚመጣውን ግን አያውቀውም፣ ይጥለዋል። ቀዳዳው ደግሞ ለዘላለም አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው መመዘኛ የዩዲፒ (ሲፕ በተለምዶ መልእክቱን የሚልክበት መንገድ) ቀዳዳ ከ2 ደቂቃ በፊት መዘጋት የለበትም ይላል። 30 ሰከንድ ላይ የሚዘጉ ራውተሮች ግን ሞልተዋል።

እንግዲህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ስልኩ «አለሁ» የሚለው በሰዓት አንዴ ነው። በሩ የሚቆለፈው በ30 ሰከንድ ነው። በመሀል ያለው ጊዜ ሁሉ ሰርቨሩ ጋ «ተመዝግቧል» ተብሎ ተጽፎ ማንም የማይደርስበት ጊዜ ነው። መተግበሪያውን ዘግቶ ሲከፍተው የሚሠራው ለዚህ ነው፣ አዲስ ሬጅስተር ወጣ፣ ቀዳዳው ተከፈተ። እሱ ሲደውል የሚሠራውም ለዚህ ነው፣ ጥሪው ከውስጥ ነው የወጣው። ዩቲዩብም እንደዚያው። ሁልጊዜ ስልኩ ነው ዩቲዩብን የሚጠራው፣ ዩቲዩብ ማንንም አይጠራም። ስለዚህ ቪዲዮ ማየቱ ስለ ስልክ ጥሪ ብዙም አይነግረንም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲመለስ የከፈተውን ቀዳዳ ሁሉ ይረሳል። ሞባይሉ በባትሪ ስለሚሠራ ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ቀጣዩን አንድ ሰዓት ይጠብቃል። አንዳንድ መተግበሪያ ዋይፋዩ ሲቆራረጥ ራሱ ተነሥቶ እንደገና ይመዘገባል፣ ሁሉም ግን አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። መተግበሪያው ላይ የምዝገባ ጊዜውን ከ3600 ወደ 120 ሰከንድ ያውርዱ። «ኪፕ አላይቭ» የሚል ቦታ ካለ 25 ሰከንድ ይሙሉበት። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ የ103 መዝገብ ውስጥ «ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ» የሚለውን 25 ያድርጉ። ይሄኔ ሰርቨሩ በየ25 ሰከንዱ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስልኩም «አለሁ» ብሎ ሲመልስ ቀዳዳው ይታደሳል። የሞባይሉን ባትሪ ቆጣቢ ለዚህ መተግበሪያ ያጥፉት። አንድሮይድ ከበስተጀርባ ያለ መተግበሪያን ሲያስተኛ ማንንም አያማክርም። ካስተኛው በኋላ የትኛውም ሴቲንግ አያድንዎትም።

ማረጋገጫው እዚሁ እጅዎ ላይ ነው። አስቴሪስክ ውስጥ «ፒጄሲፕ ሾው ኮንታክትስ» (pjsip show contacts) ብለው ይጻፉ። 103 ፊት ለፊት «ኖንኳል» ካለ ሰርቨሩ መኖሩን ጨርሶ አልጠየቀም ማለት ነው፣ አንዴ የተጻፈውን ብቻ ነው የያዘው። «አቬይል» ብሎ አጠገቡ የሚሊሰከንድ ቁጥር ካለ አሁን መልሶለታል። «አንአቬይል» ካለ በሩ ተቆልፏል። እርስዎ ጋ እንደምገምተው የመጀመሪያው ነው። ሞባይሉ ላይ ካለው ምልክት ይልቅ ይህን መስመር ይመኑ።

አሁን ወደ ጥሪው እንሂድ። 101 ላይ ያለው ሰው 103 ብሎ ሲጫን ስልኩ ሀዋሳን አይፈልግም፣ የት እንዳለም አያውቅም። ለሰርቨሩ «ኢንቫይት» ይልካል፣ 103ን ጥራልኝ ማለቱ ነው። ሰርቨሩ መጀመሪያ የመደወያ ደንቡን ያያል፣ ዳያልፕላን የሚሉትን። እዚያ «በ1 ጀምሮ ሁለት አኃዝ የተከተለው ቁጥር ሁሉ የውስጥ ስልክ ነው» የሚል ዓይነት መስመር አለ። ደንቡ ከተገኘ በኋላ ነው መዝገቡን ገልጦ «103 የት ነው ያለው?» የሚለው። ከዚያ ኢንቫይቱን በራሱ ስም ወደዚያ ኮንታክት ይልካል።

ቅደም ተከተሉን የነገርኩዎ ለምርመራ ስለሚጠቅም ነው። ደንቡ ላይ ካልተገኘ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ 404 ነው፣ ቁጥሩ የለም። እሱ የአጻጻፍ ስሕተት ነው፣ ወይ ስልኩ የተመደበበት ኮንቴክስት (የመደወያ ደንቡ ክፍል) ሌላ ነው። ደንቡ ላይ ተገኝቶ ምዝገባ ከሌለ ወዲያው እምቢታ ይመጣል። ምዝገባ ኖሮ ማንም ካልመለሰ ግን ዝም ይላል። እርስዎ «ብዙ ጊዜ ዝም ነው» ብለው ነው የጻፉት። ከጥያቄዎ ሁሉ ብዙ የነገረችኝ ይህች ቃል ናት። ሰርቨሩ 103ን የሚጠራበት አድራሻ አለው፣ አድራሻው ሞቷል።

ሎግ ላይ ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ። 100 የሚለው መልስ ሁልጊዜ ኢንቫይቱን ከተቀበለው ከቅርቡ ወገን ነው፣ «ያዝኩልህ» ማለት ነው። የ101 ስልክ ያገኘው 100 ከራሱ ከቦሌው ሰርቨር የመጣ ስለሆነ ስለ ሀዋሳ ምንም አይናገርም። ከ103 አድራሻ የመጣ 180 ካዩ ግን የዚያኛው ስልክ በእርግጥ ጠርቷል። 486 መስመሩ ተይዟል ነው። 603 ሰውየው ራሱ አልፈልግም ብሏል።

ሁለት አድራሻ ተጽፎ መገኘትም አለ። ባልደረባዎ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀይር አሮጌው ኮንታክት ሳይሰረዝ አዲሱ ይጨመራል፣ ሰርቨሩም የሞተውን መርጦ ይደውላል። «ማክስ ኮንታክትስ» 1 ይሁን፣ «ሪሙቭ ኤግዚስቲንግ» የስ ይሁን። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይወጣል።

ሁለተኛው ችግር፣ ድምፁ። ሲፕ ድምፅ አይሸከምም። ሥራው ማገናኘት ነው፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ። ድምፁ አርቲፒ በሚባል በሌላ መንገድ፣ በሌላ ፖርት ይሄዳል። ኢንቫይቱና 200ው ውስጥ እያንዳንዱ ወገን «ድምፅህን እዚህ ላክልኝ» ብሎ አይፒና ፖርት ይጽፋል። ጣጣው እዚህ ነው። የሀዋሳው ስልክ ስለራሱ የሚያውቀው በቤቱ ውስጥ ያለውን አድራሻ ነው፣ 192.168.1.7 እንበል። ያንኑ ይጽፋል። ይህ «ሳሎን ነኝ» እንደማለት ነው። የማን ሳሎን? ቦሌም ሳሎን አለ። የእርስዎ ሰርቨር አምኖ ድምፁን ወደ 192.168.1.7 ይልካል። ድምፁ ከቦሌው ቢሮ ሳይወጣ እዚያው ይቀራል።

እሱን የምትሰሙት ለምንድነው ታዲያ? የእርስዎ ሰርቨር ትክክለኛውን የውጭ አድራሻ ስለጻፈለት ነው። «ኤክስተርናል ሚዲያ አድሬስ» የሚለውን ሞልተዋል፣ ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን ፖርቶችም ራውተሩ ላይ አሳልፈዋል ማለት ነው። ጥሩ ሠርተዋል። የቀረው 103 ላይ «አርቲፒ ሲሜትሪክ» የስ ማለት ነው። ያኔ ሰርቨሩ ስልኩ የጻፈውን ትቶ ድምፁ በእርግጥ ወደመጣበት አድራሻ መልሶ ይልካል። እዚያው «ዳይሬክት ሚዲያ» ኖ ይበሉ፣ ሁለቱ ስልኮች ሰርቨሩን ዘለው በቀጥታ ድምፅ ለመላላክ እንዳይሞክሩ። «ሪራይት ኮንታክት» የሚለው መብራቱንም ይዩ። እርስዎ ጋ የበራ ይመስለኛል። ባይበራ ኖሮ መተግበሪያው ተዘግቶ ሲከፈትም አይጠራም ነበር።

ዳይሬክት ሚዲያ ሲጠፋ ድምፁ ሁሉ በቦሌው መስመር ያልፋል። ጂ711 በሚባለው የድምፅ አቀራረጽ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በሰከንድ 50 ፓኬት ነው፣ እያንዳንዱ 160 ባይት ድምፅና 40 ባይት መጠቅለያ። ለሦስት ስልክ ምንም አይደለም። ሠላሳ ቅርንጫፍ ሲሆን እንነጋገራለን።

ሦስተኛው ችግር የምወደው ነው። ግማሽ ደቂቃ ገደማ አሉ። ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ፣ 32 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሲፕ መመዘኛ ውስጥ የተጻፈ ነው፣ የግማሽ ሰከንድ 64 እጥፍ። ስልክ ሲነሣ የተጠራው ወገን 200 ይላል። የጠራው ደግሞ «አክ» ብሎ ይመልሳል፣ ሰምቻለሁ ማለት ነው። አክ ካልመጣ 200 የላከው ወገን እንደገና ይልካል። ከግማሽ ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከ1 ሰከንድ፣ ከ2፣ ከ4፣ ከዚያ በየ4 ሰከንዱ። 32 ሰከንድ ድረስ ይጠብቅና ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ሰዎቹ እያወሩ ነው፣ ድምፁ እየሄደ ነው፣ እሱ ግን ማንም እንዳልመለሰለት ነው የሚያውቀው።

አክ የት ጠፋ? ባልደረባዎ ሲደውል ሰርቨሩ በሚልከው 200 ውስጥም ኮንታክት አለ፣ «ከዚህ በኋላ እዚህ አግኘኝ» የሚል። እዚያ የተጻፈው የሰርቨሩ የቢሮ ውስጥ አድራሻ ነው፣ 192.168.1.10 ወይም መሰሉ። አክ ወደዚያ ተላከ። የማን ሳሎን? እንደገና። «ሚዲያ» የሚለውን ሲሞሉ አጠገቡ ያለውን «ኤክስተርናል ሲግናሊንግ አድሬስ» አልሞሉትም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፣ ብዙ ሰው አንዱን ሞልቶ ይረካል። አንድ ነገር ይፈትሹ። ሀዋሳ ያለው ሰው ስልኩን ሲዘጋ እናንተ ጋ ሳይዘጋ ይቀራል? ከቀረ ያው በሽታ ነው፣ የመዝጊያ መልእክቱም ወደ ሳሎን ነው የሄደው።

ስለዚህ የአስቴሪስክ ሴቲንግ ፋይል ላይ «ትራንስፖርት» የሚለው ክፍል ውስጥ ሁለቱንም በውጭ አድራሻዎ ይሙሉ። «ሎካል ኔት» የሚለው ላይ የቢሮዎን ውስጣዊ መረብ ይጻፉ፣ አለዚያ ለ101 እና ለ102ም የውጭውን አድራሻ ይሰጥና ጤነኞቹን ያሳምማል። ሌላው፣ አስቴሪስክ ከመጀመሪያው ይዞት በሚመጣው አሠራር፣ ትራንስፖርት ላይ የተደረገ ለውጥ በሪሎድ (ሳያጠፉ ሴቲንጉን እንደገና በማስነበብ) አይገባም። አስቴሪስክን አጥፍተው ያስነሡት። ይህን ባለማወቅ ትክክለኛውን ሴቲንግ ጽፎ «አልሠራም» ብሎ ያጠፋ ስንት ሰው አይቻለሁ።

የውጭ አድራሻዎ የሚቀያየር ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ራውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ራውተሩ ላይ ገብተው የውጭ አይፒውን ይመልከቱ። በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ከእርስዎ በላይ ሌላ ናት አለ ማለት ነው፣ ፖርት ማሳለፍ ዋጋ የለውም። እርስዎ ፖርት አሳልፈው ድምፅ ስለደረሰዎ ይህ የለብዎትም። ሌላ ሰው ግን ይህን አንብቦ እንዳይደክም ብዬ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሰርቨሩን ውጭ ተከራይቶ ያስቀምጠው፣ ወይም ቢሮና ቅርንጫፉን ዋየርጋርድ በሚባል የግል መሿለኪያ (ቪፒኤን) ያገናኝ። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ለሦስት ስልክ ዋየርጋርድ ነው የምለው። ሁሉም አንድ ሳሎን ውስጥ ይገባል፣ የአድራሻው ጣጣ አብሮ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ አድርገው እምቢ ካለዎት ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን ይፈልጉ። ራውተሩ ሲፕን «ለመርዳት» መልእክቱን እየከፈተ አድራሻ የሚያርምበት ነገር ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። አንድ ጊዜ ለአንድ የጉዞ ወኪል ስልክ ስሠራ ሁለት ቀን አቃጥሎኛል። መጨረሻ ላይ ስልኩ የላከውንና ሰርቨሩ የተቀበለውን ሬጅስተር አትሜ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሁሉም አንድ ነው፣ ኮንታክቱ ላይ ያለው ፖርት ግን ተቀይሯል። ስልኩ አልቀየረም፣ እኔም አልቀየርኩም። በመሀል ያለው ማን ነው? ኤኤልጂውን አጠፋሁ፣ ሻይ ሳላዝዝ ሠራ። እርስዎም በሁለቱም ወገን ያጥፉት። ማጥፊያው የማይታይ ራውተር ከሆነ ሲፕ በተለምዶ በሚሠራበት በፖርት 5060 ፈንታ ቲኤልኤስ የሚባለውን ምስጠራ በፖርት 5061 ይጠቀሙ። የተመሰጠረውን ከፍቶ ሊያርም አይችልም።

5060ን ለዓለም ከከፈቱ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። የሰው ሥራ አይደለም፣ ኢንተርኔቱን ቀንና ሌሊት የሚያስስ ሮቦት ነው። 100፣ 101፣ 102 እያለ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይሞክራል። የ103 የይለፍ ቃል 103 ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩ። ሎጉን እያየ ደጋግሞ የሳተውን የሚያግድ ፌይል2ባን ይጫኑ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ራስዎ ድርጅት የውስጥ ስልክ ነው። ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር ላገናኘው፣ ከውጭ ሀገር የሚመጣ ጥሪም ላስገባበት ካሉ ግን የፈቃድ ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በዚህ ቀልድ አያውቅም። አስቀድመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

ሁሉንም ካስተካከሉ በኋላ እንዲህ ይሞክሩት። ባልደረባዎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ለ20 ደቂቃ አይንካው፣ ስክሪኑም ይጥፋ። ከዚያ ከ101 ይደውሉለት። ከጠራ የመጀመሪያው አለፈ። ሲያነሣ «ትሰማኛለህ?» ይበሉት፣ ከመለሰልዎ ሁለተኛውም አለፈ። ቀጥሎ እሱ ይደውል። ሲነሣ ሰዓት ይያዙ፣ የሀዋሳን አየር እየጠየቁ እስከ 40ኛው ሰከንድ ያቆዩት።